ሦስት ቁጥር ሳህን

የመቅመሻው ክፍል አንድ መስኮት፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛና አምስት ወንበሮች አሉት። በእያንዳንዱ ወንበር ፊት ሦስት ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃና አንድ እርሳስ ተቀምጧል። ሳህኖቹ ላይ ጨው እንኳ ያልነካው የተቀቀለ የዶሮ ደረት ሥጋ አለ። ሳህኖቹ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም።

ቀማሿ እንደ ልማዷ ዳር ያለውን ወንበር ያዘች። ሌሎቹ አራት ላይ የእንስሳት ሐኪሙ፣ መጋዘን ጠባቂውና ሁለት ሠራተኞች ተቀመጡ። በዶሮ እርባታው ግቢ ምላሷን የማያውቅ የለም። አንድ ጊዜ ከቀመሰች፣ ዶሮው ምን በልቶ እንዳደገ ትናገራለች።

"የአንዷ ተወዳዳሪ እናት፣ የሌላው የቀድሞ ሚስት ነሽ" አላት ሥራ አስኪያጁ እየሳቀ። "ሌላ ሰው ብትሆኚ አስወጣሽ ነበር። ግን እንዳንቺ ያለ ምላስ ከየት አመጣለሁ?"

"ምላሴ ዘመድ የለውም" አለች።

ውሸቷን ነበር።

ሦስት ሰዎች፣ ልጇ፣ የቀድሞ ባሏና አንድ አዲስ የመኖ ባለሙያ፣ ለስድስት ሳምንት በየራሳቸው መኖ አንድ አንድ ቤት ዶሮ አሳድገዋል። መኖው ላይ የሚጨምሩትን ዘይት የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ትናንት ዶሮዎቹ ሲመዘኑ ሦስቱም ተቀራራቢ ሆኑ፤ ስለዚህ የሚለያቸው ሥጋው ነው። ያሸነፈ የአዲሱ መኖ ማቀነባበሪያ ኃላፊ ይሆናል። ልጇ የኮንትራት ሠራተኛ ናት፤ ካላሸነፈች በወሩ መጨረሻ ትሰናበታለች።

የቀድሞ ባሏን ሠራተኛው ሁሉ "ዘይቴ" ይለዋል። ስሙን ያወጣለት የተልባ ዘይት ነው። መኖ ላይ ተልባ ዘይት ጠብ ያደረገችው የመጀመሪያዋ ሰው ግን እሷ ነበረች፤ በጓሯቸው፣ በአሥራ ሁለት ዶሮ ላይ። እሱ ሐሳቧን ይዞ እዚህ ግቢ መጣና "የእኔ ነው" አለ። ሹመት አገኘ። ቆየት ብሎ ሌላ ሚስትም አገኘ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አንድ ነገር ብቻ ሳይወስድባት ቀርቷል።

"ከመታረዳቸው ሁለት ሳምንት በፊት ዘይቱን አቁም" ትለው ነበር። "ተልባ ስባቸው ውስጥ ይቀመጣል። ኋላ ሥጋው ዓሣ ዓሣ ይሸታል።"

"የሚያፋፋቸውን ነገር ምን በወጣኝ አቆማለሁ?" እያለ ይስቅ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ አላቆመም። የእሱን ዶሮ የምታውቀው በዚያች ሽታ ነው። ሌላው ሰው ሽታው አይሰማውም፤ እንዲያውም ሥጋው ስለሚለሰልስ ይወድለታል።

ዛሬ ጠዋት በር ላይ ጠብቆ ኮፍያውን አወለቀላት።

"እንዴት አደርሽ? ሰሞኑን ምክርሽ ትዝ ሲለኝ ነበር። ያኔ ብሰማሽ ኖሮ እላለሁ።"

"አሁን ነው?" ብላ አለፈችው። የሚያላግጥባት ስለመሰላት ደሟ ፈላ።

ልጇ ግን የሁለት ሳምንቱን ነገር ከሕፃንነቷ ጀምራ ታውቀዋለች። የዛሬ ሦስት ሳምንት ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ሽንኩርት ስትልጥ፣ "እማዬ፣ ያን የተልባ ሽታ እውነት ካንቺ በቀር የሚያውቀው የለም?" ብላት ነበር።

"ማንም።"

"በጣም ትንሽ ብትሆንስ?"

"ጠብታ ብትሆን አታመልጠኝም።"

ልጅቷ ፈገግ ብላ መላጧን ቀጠለች። እናት ኮራች።

አሁን አንድ ቁጥርን ቀመሰች። የሱፍ ዘይት። ተልባ ስላልሆነ ይሄ የአዲሱ ባለሙያ ነው፤ አምስት ሰጠችው። ውሃ ተጉመጠመጠች።

ሁለት ቁጥር ንጹሕ ነው። ጣፈጥ ያለ፣ ምንም ሽታ የሌለው፣ በወጉ ዘይቱ የቆመለት። ልጄ፣ አለች በሆዷ፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ከዘጠኝ ዘጠኝ ጻፈች።

ሦስት ቁጥርን ገና ወደ አፏ ስታስጠጋ አወቀችው። ሽታው ስስ ነው፣ ግን አለ። ምን ይደረግ፣ ሥጋው በልስላሴ ከሦስቱ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ስምንት ይገባዋል። አንድ ብላ ጻፈችና እርሳሱን አስቀመጠች። ሃያ ዓመት የጠበቀችው ቀን ይህ ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ በረጅሙ ተነፈሰ። "እኔ ሦስት ቁጥርን ነው የምለው። አፍ ላይ ይቀልጣል።"

መጋዘን ጠባቂውም ራሱን ነቀነቀ። የእሷ አንድ ብቻውን እንደማይጥለው ገባት።

"ሦስት ቁጥር ይሸታል" አለች።

"ምን ይሸታል እትዬ?" አለ ሐኪሙ።

"ዓሣ። ደግመህ ቅመሰው።"

ደግሞ ቀመሰ። ፊቱን አጨማደደ። ሽታ አንዴ ስም ከወጣለት የማይሸተው ሰው የለም። መጋዘን ጠባቂው ሳህኑን ገፋ አደረገው። ሁሉም ላጲስ ይፈልጉ ጀመር።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ደመረ። "ሁለት ቁጥር አንደኛ" አለ። "ሦስት ቁጥር መጨረሻ።" ከዚያ ስሞቹ ያሉበትን ፖስታ መክፈቻ ፍለጋ መሳቢያውን ያገላብጥ ገባ። እሷ አልጠበቀችም።

ኮሪደሩ ላይ የቀድሞ ባሏ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ ኮፍያው ጉልበቱ ላይ ነው። ፊቱ ቆመች።

"ዕቃህን መሰብሰብ ጀምር" አለችው።

ቀና ብሎ አያት።

ልጇ ከመስኮቱ አጠገብ ሮጣ መጣችና ክንዷን ይዛ ወደ ጥግ ሳበቻት። ዓይኗ በደስታ ያበራል።

"እማዬ፣ የእኔን ሳህን አወቅሽው አይደል?" አለቻት በሹክሹክታ። "በተልባው ሽታ እንድትለዪኝ ብዬ እኮ ነው ዘይቱን እስከ መጨረሻው ቀን ያላቆምኩት።"