ባለ አራት ቀንዱ ሳጥን

ጋሼ በላይነህ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ስለሆኑ ዕቃ ሳይመረምሩ አይገዙም። ደብረ ታቦር ካለው የአንዱአምላክ ሱቅ ገብተው ዋይፋይ የሚረጨውን ሳጥን ሲመርጡ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው።

«ይሄ ባለ ሁለት አንቴና ነው፤ ያ ባለ አራት» አለ አንዱአምላክ።

«ባለ ሁለት ቀንድ በሬም አለኝ» ብለው ባለ አራቱን በእጃቸው መዘኑት። ከበደ። ገዙት።

ነገሩ የቅንጦት አልነበረም። ልጃቸው ትሕትና ወረታ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ የወደደችው ልጅ ደግሞ የጅማ ሰው ነው። የልጁ ሽማግሌዎች ያን ሁሉ አገር አቋርጠው መምጣት ስላልቻሉ፣ ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው እሑድ በቪዲዮ ሊለምኑ ተስማሙ። የሞባይሉ ዳታ እንደሆነ የጉና ተራራ ጉም ነው፤ መጣ ሲሉት የለም። ስለዚህ ጋሼ ጥምቀት ሳምንት ሲቀረው መስመር ከሚያስገባው ቢሮ ሄደው አመለከቱ፤ ተመዘገቡ፤ «እንደውላለን» ተባሉ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሱቁ ነበር የመጡት።

ሳጥኑን ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጡት። ባለቤታቸው ወርቅዬ ዳንቴል አለበሱት። መብራት ላይ ሲሰካ አንድ ቀይ ዓይን በራ። ከካርቶኑ የወጣች አንዲት ቀጭን ገመድ የምትገባበት አጥታ ተረፈች፤ ጋሼ ንብረት አይጣልም ብለው ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉባት።

ሦስት ቀን አልሠራም። ጋሼ ሳጥኑን ወደ ምሥራቅ አዞሩት፤ ዳንቴሉን ገለጡ፤ መልሰው አለበሱ። በአራተኛው ቀን በረንዳ ላይ ሲያማርሩ የጓሮዋ ተከራይ ሚሚ ደረሰች። ሚሚ ከኩዌት ተመልሳ ቅዳሜ ቅዳሜ አንበሳሜ ገበያ እየወረደች ልብስ የምትነግድ ልጅ ናት።

«እስቲ ስልክዎን ጋሼ» አለችና በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። «በሉ፣ አሁን ይዟል።»

እውነትም ያዘ። ጋሼ ግን የሠራው ጠዋት ቀንዶቹን ወደ ጣራ ገዳም ተራራ ስላዞሯቸው መሆኑን ያውቃሉ።

ደስታቸው አልበረከተም። ከሰዓት በኋላ ይንቀራፈፋል። ቅዳሜማ ጭራሹን የለም፤ «ገበያ ነዋ፣ አገሩ ሁሉ ይጠቀማል» ይላሉ። አንድ ከሰዓት የቤተ ክህነት ዜና እያዩ ቢቆምባቸው ተናድደው ወደ ጓሮ ወጡ። ከሚሚ ክፍል ሳቅ ይሰማል። ልጅቱ ኩዌት ካሉ ጓደኞቿ ጋር በቪዲዮ ታወጋለች።

ጋሼ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ይቺ ልጅ ኢንተርኔቱን ከየት አመጣችው? መልሱ ዳንቴል ለብሶ ሳሎን ተቀምጧል።

ሌባን ፊት ለፊት ሌባ ማለት የጨዋ ልጅ ወግ አይደለም። ስለዚህ ጋሼ ነገሩን አዙረው ጣሉት።

«ሚሚ፣ የአንድ ሰው ምንጭ ለሁለት ቤት ሲቀዳ ይደፈርሳል ይባላል።»

«ኧረ ይቀዳ ጋሼ!» ሳቀች። «ጎረቤት ለመቼ ነው? እኔ እንደሁ ምንም አልልም።»

«ምንም አትይም?»

«እመ ብርሃንን! ደግሞ በዚህ አይሳቀቁ፤ የቤት ሰው አይደለን?»

ይህን ገብተው ለወርቅዬ ነገሯቸው። «ሰርቃኝ ታጽናናኛለች! አይሳቀቁ ትለኛለች!»

«ተው አንተ ሰውዬ፤ ልጅቱ ደግ ናት።»

«በእኔ ዋይፋይ ማን ደግ አይሆንም!»

ሳጥኑ ጀርባ ላይ የተጻፈውን የይለፍ ቃል በፕላስተር ሸፈኑት። የሚሚ ሳቅ ቀጠለ። ሳጥኑን ነቅለው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ሳቁ ቀጠለ። የእሳቸውም ስልክ አልተቋረጠም፤ ይህን ግን የባለ አራት ቀንድ ብርታት ነው ብለው አለፉት።

በመጨረሻ ቆረጡ። ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት እሑድ አራት ሰዓት ነው፤ በዚያች ሰዓት ኢንተርኔታቸውን ለብቻቸው ይፈልጉታል።

«እንግዳ ስለሚመጣብን ክፍሉን እንፈልገዋለን» አሏት። «እሑድ አራት ሰዓት ሳይሞላ ልቀቂልን።»

«የትሕትናን ደስታ ሳላይ ልሂድ ጋሼ?» አለች ሚሚ።

«ደስታዋ እንዲሞላ ነው» አሉ።

እሑድ ደረሰ። ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው ተሰየሙ፤ ሳጥኑን ከቁም ሳጥኑ አውጥተው መልሰው ሰኩና ስልኩን አስደገፉበት። ትሕትና ከጓዳው በር ኋላ ቆማለች። ሦስት የጅማ ሽማግሌዎች ስልኩ ላይ ብቅ ብለው እንደቆሙ እጅ ነሡ።

«አረፍ በሉ እንጂ» አሉ ጋሼ።

«ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ መካከለኛው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «የመጣነው ልጅዎን ለልጃችን…»

አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ጋሼ ሳጥኑን መቱት። ቀንዶቹን አጣመሙ። ከውጭ ባጃጅ ተነሣች፤ በመስኮቱ ሚሚ በነጠላ የተጠቀለለ፣ አረንጓዴ ዓይኑ የሚበራ ትንሽ ሳጥን እንደ ሕፃን ታቅፋ ስትሄድ ታየች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የትሕትና ስልክ ጮኸ። ልጁ ነው። ድምፁ እስከ ሳሎን ተሰማ።

«አባትሽ ሽማግሌዎቼ ቃላቸውን ሳይጨርሱ ፊታቸው ላይ ዘጉባቸው! እንዲህ ያለ እምቢታ በዕድሜያችን አላየንም ብለው ተበትነዋል።»

«ደውልና አስረዳ እንጂ!» አሉ ወርቅዬ።

«የሴት ልጅ አባት ደውሎ ሽማግሌ ይጠራል?» አሉ ጋሼ።

ትሕትና ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ወረታ ተመለሰች።

ጋሼ ቀዩን ዓይን ትክ ብለው እያዩ ዋሉ። «ይዛው ሄደች» አሉ። «በምቀኝነት ይዛው ሄደች!»

ሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። መሰላል የተሸከመ ጎልማሳ ቆሟል።

«ጋሼ በላይነህ እርስዎ ነዎት? ከጥምቀት በፊት ያመለከቱትን መስመር ላስገባልዎ ነው የመጣሁት፤ ስለዘገየን ይቅርታ፤ ለመሆኑ እስካሁን ያለ ኢንተርኔት እንዴት ቻሉት?»