ያላደፈ ፊርማ

ጥቅሉን በጥርሷ ቀድዳ መጽሐፉን አወጣችና ሽፋኑን ገለጠች፤ ፊርማውን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። ደራሲው ባሏ ሳይጋቡ በፊት ፈርሞ የሰጣትን የመጀመሪያ መጽሐፉን ለወዳጁ አውሶ ካጠፋባት ወዲህ ያኔ ከፈረመባቸው ሌላ ቅጂ ስትፈልግ ኖራለች። በስንት መከራ ኢንተርኔት ላይ «ደራሲው በእጁ የፈረመበት» የተባለ አግኝታ ብታስመጣው፣ ፊርማው እንደ ሙሽራ ልብስ እድፍ የሌለበት ሆነ። ባሏ ደግሞ ግራኝ ነው። የጻፈውን እርጥብ ቀለም በመዳፉ ሳይጠርገው ቀርቶ አያውቅም፤ የሸሚዙን እጅጌ ስታሽ የኖረችው እሷ አይደለችም እንዴ!

«ና እስቲ አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ጉድ እይልኝ!»

መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ መጣ። ፊርማውን አየት አደረገና በሳቅ ፈነዳ። «ሌባው ከኔ አሳምሮ ጽፎታል እኮ! ይሄን ያህል ከለፋማ ምን ይባላል?»

«አትሳቅ! ዛሬውኑ መልሼ ነው የምልክለት።»

«ቆይ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሻል?» አለና ብዕሩን አንስቶ ከሐሰተኛው ፊርማ በታች አቀረቀረ። «ለግትሯ ሚስቴ፦ ከላይ ያለው የሌባው ነው፣ ከታች ያለው የባልሽ» ብሎ ጻፈና ፈረመ። እንደ ልማዱም መዳፉ እርጥቡን ቀለም እየጎተተ እስከ ገጹ ዳር ወሰደው።

መጽሐፉን ነጥቃው ወደ መስኮቱ ሄደች። እድፉን አገላብጣ አየችው፤ ሳቋም አመለጣት።

«አሁን ገና ትክክለኛው መጣ» አለች ደረቷ ላይ ለጥፋ። «ይሄንንም ለሰው አውስና እንተያያለን!»