ለሁለት የተከፈለው ጭንቅ

በዚያ ዘመን አምቡላንስ በስልክ አይጠራም። በየሰው ክንድ ላይ የታሰረው አምባር የልብ ምቱን እየመዘገበ በየግማሽ ሰዓቱ ጠቅልሎ ይልካል። መኪናው የሚነሳው በአንዱ ጥቅል ውስጥ ልብ የታወከበት አሥር ደቂቃ ከተገኘ ብቻ ነው።

አቶ መንበሩ ጢማቸውን ሲላጩ ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። ሚስታቸው ወይዘሮ አልጋነሽ አምባሩ ዝም ቢላቸው ልጃቸውን ትርሲትን ጠሯት። ስትደርስ አባቷ አልፈዋል፤ ጉንጫቸው ላይ የሳሙናው አረፋ ደርቋል።

ትርሲት አምባሩን ፈትታ መዝገቡን አየች። ስድስት የጭንቅ ደቂቃ በአንዱ ጥቅል መጨረሻ፣ ሌላው ስድስት ደግሞ በሚቀጥለው መጀመሪያ ላይ ወድቋል።

«ይሄ አምባር አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሲሰቃይ አላየውም?» አሉ እናቷ።

«አይቷል፣ እማዬ። ግን ለሁለት ከፈለው።»

«ማነው እንዲህ አድርጎ የሠራው?»

የአምባሩን አሠራር ስትነድፍ፣ የአንዱ ጥቅል መጨረሻ በሚቀጥለውም ውስጥ ይግባ ብለው ባልደረቦቿ ሲለምኗት፣ ሥራውን ያዘገየዋል ብላ እምቢ ያለችው ራሷ ትርሲት ነበረች።

«እኔ ነኝ» አለች።

ወይዘሮ አልጋነሽ ነጠላቸውን አውልቀው የባላቸውን ፊት ሸፈኑ።

«እንግዲያው ለእህቶቹ መርዶውን አንቺው ንገሪያቸው» አሉ ቀና ሳይሉ። «እንዴት እንደሞተም ጭምር።»