ስድስት ኪሎ

ወደ ጎዴ የሚበረው አውሮፕላን ትንሽ ስለሆነ፣ በድሬዳዋ አውሮፕላን ጣቢያ ከሻንጣው ጋር ሰውም ይመዘናል። መዛኙ ዘገዬ ሚዛኑ ላይ የቆመችውን ልጅ አያት። ከሁለት ወር በፊት ለሕክምና ስትመጣ እናቷ ፋዱማ አዝላት ነበር የወረደችው። የመመለሻ ቦታዋን ያኔ ሲይዝላት ትኬቱ ላይ በእጁ ሃያ ሁለት ኪሎ ብሎ ጽፏል። መርፌው አሁን ሃያ ስምንት ላይ ቆሟል።

"ስድስት ኪሎ ትርፍ አለ" አለ። "አውሮፕላኑ ሞልቷል፤ የሆነ ነገር መቅረት አለበት።"

ፋዱማ እህቷ ከቀበሌ ራሽን ያጠራቀመችላትን ስኳር ከነከረጢቱ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ውጭ የአውሮፕላኑ ሞተር ተነሣ።

"በሉ ፍጠኑ!" አለ ዘገዬ።

"አቦ፣ አንዴ ደግመህ መዝናት" አለች ፋዱማ።

"ስኳሩን ተውሽው እኮ፤ ጨርሰናል።"

"እሱን አይደለም። እኔ ቁጥር አላውቅም። ያኔ ስንመጣ መርፌው የት ጋ ነበር?"

ዘገዬ በመስኮት ወደ ሜዳው አየ። ከዚያ ልጅቷን አንሥቶ ሚዛኑ ላይ መልሶ አቆማትና ሃያ ሁለትን በጣቱ ለፋዱማ አሳያት። ፋዱማ ከዚያ እስከ መርፌው ያለውን በጣቶቿ ለካች፤ ሁለት ጣት ሙሉ ነበር።

"ለአባቷ አሳየዋለሁ" አለች፤ ልጅቷን ይዛ፣ ሁለቱን ጣቶቿን እንደገጠመች ወደ አውሮፕላኑ ሄደች።