ነጠብጣቡ የጠፋ አንገት

ጥበቃው ጋሽ ደምሰው «ማሽኑ ሰው ይበላል አሉ» ማለት አይሰለቻቸውም። ትርንጎም «እርስዎን ምነው ዘለለዎት?» ትላቸዋለች።

የወረቀት ፎቶ በቤት ማስቀመጥ ከተከለከለ ወዲህ ሥራዋ ፎቶውን ስካን አድርጎ፣ ከሻካራው ወረቀት የመጣውን ነጠብጣብ አጥፍቶ፣ ወረቀቱን በዚያው ማሽን መፍጨት ነው። ዛሬ ስንቱን እንዳጸዳች የቀላው ዓይኗ ይመሰክራል።

በመልክ የማያውቋትን የእናታቸውን ፎቶ አገኘሁ ብለው የመጡት አቶ ልሳኑ፣ ስክሪኑ ላይ የጎላችውን ሴት አንገት አንገቷን አዩ።

«የነጠብጣብ ንቅሳት የላትም?»

«አንዲት ነጠብጣብ አላስቀረሁም፣ አባባ» አለች ትርንጎ በኩራት። ወዲያው ግን ወደ መፍጫው ዞረች። የወረቀቱን ነጠብጣብ ብቻ ይሁን የሴትየዋን ንቅሳትም ያጠፋችው አላወቀችም። ወረቀቱ ደግሞ ተፈጭቷል።

«እንግዲያው አክስቴ ናት» አሉ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን እያነሱ። «መንታ ነበሩ አሉኝ፤ የተነቀሰችው እናቴ ነበረች።»