የሠላሳ ጎጆ ጭስ

ከአቦምሳ ወጣ ብሎ በመንግሥት ትእዛዝ በተመሠረተው አዲስ መንደር፣ ከሠላሳውም ጎጆ ጭስ ይወጣ ነበር። ከናዝሬት የመጣው ተቆጣጣሪ በመግቢያው ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ ቆጠረ፤ አንድም አልጎደለም። ቅጹ ላይ «ሠላሳ ቤት ተሠርቶ ተጠናቋል» ብሎ ጻፈና ውሃ ሊለምን የመጀመሪያውን ቤት አንኳኳ። መልስ ሲያጣ በሩን ገፋው። ኩበት ይጨሳል፤ ማሰሮ የለም፣ መኝታ የለም፣ ሰው የለም። ሁለተኛውም ቤት እንደዚያው ነበር።

ሦስተኛው ቤት ውስጥ አንዲት አሮጊት በገል ፍም ይዘው ኩበት ሲያቀጣጥሉ አገኛቸው።

«እማማ፣ ሰዉ የት ሄደ?»

«ከብቱን ይዞ በረሃ ከወረደ ወር አለፈው። እኔ እግሬ እምቢ ብሎኝ ቀረሁ።» ቀና አላሉም። «የቀበሌው ሊቀመንበር፣ አለቆች ከመንገድ ሆነው የሚያዩት ጭሱን ነው፣ እሱ ብቻ እንዳይጠፋ አለኝ።»

ተቆጣጣሪው ቅጹን ገለጠው። ስንት ቤት እንደተሠራ ይጠይቃል፤ ስንት ሰው እንደሚኖርበት የሚጠይቅ መስመር ግን የለውም። የጻፈውን ሊሰርዝ እስክሪብቶውን አነሳ። ባለፈው ክረምት እንዲህ ያለውን እውነት የጻፈው ባልደረባው ወንበር እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

ከመንገዱ በኩል፣ ከናዝሬት ተከትሎት የመጣው የአለቃው ላንድሮቨር ድምፅ ተሰማ። አሮጊቷ በበሩ አጮልቀው፣ «የዳር ቤቱ ጠፍቷል» አሉ። ሊነሱ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው ከዳቸው።

ተቆጣጣሪው ገሉን ከእጃቸው ተቀብሎ ሮጠ። ባዶው ጎጆ ውስጥ ተንበረከከና፣ ማንም የማይሞቀውን እሳት እፍ ይል ጀመር።