የዳኛው ቤት አስጎብኚ

አስጎብኚው አሁን ሙዚየም በሆነው አሮጌ የዳኛ ቤት ውስጥ ያንኑ ታሪክ ሲደጋግም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ በእንቅልፍህም እኮ ታስጎበኛለህ» ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ አፉ ሲናገር ልቡ ሌላ ቦታ ይውላል። ያን ቀን ጠዋትማ «ዛሬስ ቢቀርብኝ» እያለ ነበር ከቤት የወጣው።

ከሰዓት በኋላ የመጡት አንዲት አሮጊትና ሴት ልጃቸው ብቻ ነበሩ። አሮጊቷ እዚያው ከተማ ተወልደው ሲያረጁ ቤቱን ረግጠውት አያውቁም። «ዛሬ ነገ ስል ዕድሜዬ አለቀ» አሉ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው።

እንደ ልማዱ «ዕቃዎቹን በእጅ አይንኩ» እያለ ሳሎኑንና የሥራ ክፍሉን አሳያቸው። መኝታ ቤቱ ሲደርሱ «ዳኛው በዚህ አልጋ ላይ...» ብሎ ቀጣዩ ቃል ጠፋበት። ድካም ነው ብሎ ግድግዳውን ደገፍ አለ።

«...ክረምቱን ሙሉ ታመው ተኙ» አለ አንድ ድምፅ ከሚቀጥለው ክፍል። ድምፁ የራሱ ነበር፤ የሰሞኑ ጉንፋን ያመጣበት ሻካራነት እንኳ አልቀረም። «በዚህ በኩል ግቡ፤ ደረጃውን ጠንቀቅ በሉ።»

እናትና ልጅ ምንም ሳይደንቃቸው ድምፁን ተከትለው ሄዱ። አስጎብኚው ሊጠራቸው ፈለገ፤ አፉ አልከፈት አለው። እግሩም አልነሣ አለው።

አሮጊቷ በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ትኩር ብለው አዩት።

«ይሄኛውስ ማን ነው?» ሲሉ ወደ ውስጥ ጠየቁ።

«የድሮው አስጎብኚያችን ናቸው፣ እማማ» አለ ድምፁ በትሕትና። «ብዙ ደክመውልናል። እባክዎ በእጅ አይንኳቸው።»